ስለ ፍል ውኃና ስለ «ብርቅዬ ምድሮች» ጥቂት ቃል

በግቢያችን ውስጥ ሻይ በሚጠጣበት ቦታ ሁሉ አንድ ክርክር ካልተነሣ የተማሪ ነገር አይሞላም። ዘንድሮ የተነሣው ስለ «ብርቅዬ ማዕድናት» ነው። የኤሌክትሪክ መኪናው ሞተር፣ በነፋስ የሚዞረው መብራት ማመንጫ፣ በኪሳችን ያለው ስልክ ሳይቀር ከእነዚህ ነገሮች ጥቂት ጥቂት እንደሚፈልግ ሁላችንም ሰምተናል፤ በ2010ና በ2011 ዋጋቸው እንዴት እንደ ናረም የኤኮኖሚክስ ልጆች አስረድተውናል። ታዲያ አንዱ ተነሥቶ «ስምጥ ሸለቋችን ከዳር እስከ ዳር የሚፈላ ውኃ ሞልቶታል፤ ውኃው ከምድር ሆድ የሚያወጣውን ሀብት ማን ቆጠረው?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ተወው ባክህ፣ ፍል ውኃ ለቁርጥማት ነው» ብሎ ይመልስለታል። ከዚያ በኋላ ሻዩ እስኪበርድ ጭቅጭቅ ነው።

እኛ የአርት ፋኩልቲ ልጆች ነን። ከሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችን መካከል «እናንተ ስለ ቅኔያችሁ አስቡ፤ ይህ የእናንተ ጉዳይ አይደለም» የሚሉን አልጠፉም። ነገር ግን ቀረብ ብለን ስንመረምረው ጉዳዩ እኩሌታው ታሪክ፣ እኩሌታው የስም ትርጓሜ ሆኖ አገኘነው። የቀረው ሒሳብ ነው፤ ሒሳቡም ቢሆን ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም። ስለዚህ የመጽሔታችን አዘጋጆች ጥቂት ገጽ ቢለቁልን እኛም የበኩላችንን እንላለን።

በመጀመሪያ ስሙ ራሱ አሳሳች ነው። የጥንት የአውሮፓ ኬሚስቶች በእሳት የማይቀልጠውንና በውኃ የማይሟሟውን ዱቄት ሁሉ «ምድር» ይሉት ነበር። በ1787 (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ካላልን በቀር የምንጠራው ዘመን የፈረንጅ ነው) ካርል አክሰል አሬኒዩስ የተባለ የስዊድን መኮንን በስቶክሆልም አጠገብ ኢተርቢ ከምትባል መንደር አንድ ከባድ ጥቁር ድንጋይ አገኘ። ፊንላንዳዊው ዮሐን ጋዶሊን ድንጋዩን መርምሮ በ1794 ከውስጡ እስከዚያ ድረስ ያልታወቀ «ምድር» እንዳለ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ለመቶ ዓመት ያህል ሊቃውንቱ አንዱን «ምድር» ለሁለት፣ ሁለቱን ለአራት እየከፈሉ ሲቆጥሩ ኖሩ፤ ዛሬ ቁጥራቸው 17 ሆኖ ተወስኗል። የኢተርቢ መንደር ዕድል ደግሞ ያስቀናል፤ ኢትሪየም፣ ተርቢየም፣ ኤርቢየም፣ ኢተርቢየም የሚባሉት አራቱም ስማቸውን የወሰዱት ከእርስዋ ነው። ብዙ ታላላቅ ከተሞች ይህን ክብር አላገኙም።

የሌሎቹም ስም ለቋንቋ ተማሪ የሚጥም ነው። ላንታነም ከግሪክ ቃል የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «መሰወር» ነው፤ በ1839 ሞሳንደር የተባለው ስዊድናዊ በሌላ ንጥረ ነገር ውስጥ ተሸሽጎ ስላገኘው እንዲህ ሰየመው። ኒዮዲሚየም «አዲሱ መንታ» ማለት ነው፤ የመንታ ወንድሙ ስም ፕራሲዮዲሚየም «አረንጓዴው መንታ» ነው፤ ሁለቱን በ1885 የለያቸው ኦስትሪያዊው አውየር ፎን ቬልስባኽ ነበር። ዲስፕሮዚየም ደግሞ «ለማግኘት የሚያስቸግር» ማለት ነው። ይህን የመጨረሻውን ለኮክ ደ ቧቦድራን የተባለው ፈረንሳዊ ያገኘው በ1886 ነው። በዚያው ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1879 ዓ.ም.፣ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፊንፊኔ ፍል ውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው አዲስ አበባን ቆረቆሩ። ሁለቱ ነገሮች ምንም ዝምድና እንደሌላቸው እናውቃለን፤ ግን የዋና ከተማችን መነሻ ፍል ውኃ መሆኑን ለማስታወስ ምክንያት ስለሆነን ሳንጠቅሰው አላለፍንም።

«ብርቅዬ» የተባሉትስ? በውነቱ ብርቅ አይደሉም። በምድር ቅርፊት ውስጥ ያለው የሴሪየም ብዛት ከመዳብ ጋራ የሚተካከል ነው። ከሁሉም ጥቂት የሚባለው ቱሊየም እንኳ ከብር ይበልጣል፤ ወርቅማ ከእርሱ አጠገብ አይደርስም። ችግሩ መበተናቸው ነው። ወርቅ በአንድ ሥር ተከማችቶ ሲገኝ እነዚህ ግን በየድንጋዩ ውስጥ ጥቂት ጥቂት ተረጭተው ይኖራሉ። ከዚህም በላይ እንደ አንድ እናት ልጆች ጠባያቸው ተመሳሳይ ስለሆነ አንዱን ከሌላው መለየት ብዙ ድካም ይጠይቃል። ይህን መመሳሰላቸውን አንባቢያችን በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ ያስፈልገናል።

አሁን ወደ ውኃው እንሂድ። ብዙ ሰው ፍል ውኃ ከምድር ጥልቅ ውስጥ የተፈጠረ አዲስ ውኃ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም፤ የአብዛኛው ፍል ውኃ መነሻ ዝናብ ነው። በደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በዓለቱ ስንጥቅ እየሰረገ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከታች ባለው ትኩሳት ይሞቃል፤ ሲሞቅም ስለሚቀልል ሌላ ስንጥቅ ፈልጎ ወደ ላይ ይመለሳል። የአዲስ አበባውም ፍል ውኃ የሚወጣው የሥነ ምድር ሊቃውንት በስሙ «የፍል ውኃ ስብራት» ብለው በሚጠሩት የመሬት ስንጥቅ በኩል ነው። ከመውረድ እስከ መውጣት ያለው ጊዜ ረዥም ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ትኩሱ ውኃ ድንጋዩን ይልሰዋል፣ ያሟሟዋል፣ ከዚህ ጥቂት ይወስዳል፣ እዚያ ጥቂት ይጥላል።

በውኃው ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ከድንጋዩ ታጥቦ የመጣ ነው ብሎ በ19ኛው መቶ ዓመት ከተናገሩት አንዱ በላቦራቶሪው ማንደጃ ስሙ የሚታወቀው ጀርመናዊው ሮበርት ቡንዘን ነው። ይህ ሰው በ1846 አይስላንድ ድረስ ሄዶ የሚተኮሱትን ፍል ውኆች መርምሯል። በ1860 ደግሞ ከወዳጁ ከኪርሆፍ ጋራ የዱርክሃይምን የማዕድን ውኃ ሲመረምሩ ማንም የማያውቀውን ሴዚየምን አገኙ። ጥቂት ሴዚየም ለማግኘት 44,000 ሊትር ውኃ አፈሉ፤ ከዚያ ሁሉ የተረፋቸው የሴዚየም ጨው 7 ግራም ያህል ነበር። ሴዚየም ከ17ቱ ወገን አይደለም፤ ታሪኩን ያነሣነው ለሌላ ነው። በውኃ ውስጥ አዲስ ነገር መገኘቱና ከውኃ ውስጥ ሀብት መገኘቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን 44,000 ሊትሩና 7 ግራሙ ቀድመው ነግረውናልና። በኋላም በ1960ዎቹ ኒውዚላንዳውያኑ ኤሊስና ማሆን ተራ ውኃንና ድንጋይን በአንድ ዕቃ ዘግተው በብርቱ በማሞቅ፣ ከተፈጥሮ ፍል ውኃ ጋራ የሚመሳሰል ውኃ በላቦራቶሪ ውስጥ ሠርተው አሳዩ። የቡንዘን ነገር በዚህ ጸና።

እንግዲህ ውኃው ከድንጋዩ የሚወስድ ከሆነ ብርቅዬዎቹንም ይወስዳል ማለት ነው። ምን ያህል? ይህን የሚወስነው ከሁሉ በፊት የውኃው ጠባይ ነው። ኮምጣጣ ውኃ ብዙ ይሸከማል፤ ኮምጣጣ ያልሆነው ጥቂት። በአሜሪካ የሎውስቶን በሚባለው ሰፊ መናፈሻ ውስጥ ጎን ለጎን ሁለቱም ዓይነት ፍል ውኆች አሉ። በ1997 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የሰልፈር አሲድ ያለባቸው ኮምጣጣዎቹ ብርቅዬዎቹን በብዛት ሲሸከሙ፣ ሌሎቹ የሚሸከሙት ከቁጥር የማይገባ ነው። ምክንያቱ የሚያስቸግር አይደለም። ኮምጣጣነቱ ሲቀንስ ብረቱ እንደ ዝገት ሆኖ ከውኃው ይለያል፤ ብርቅዬዎቹም በዝገቱ ላይ ተለጥፈው አብረው ይወርዳሉ።

ለዚህ ሕግ ግን አንድ ማፈንገጫ አለው፤ እኛንም የሚመለከተን እርሱ ነው። ውኃው እንደ አምቦ ውኃ ካርቦኔት የበዛበት ከሆነና ይልቁንም ጨዋማ ሶዳ ሐይቅ ከሆነ፣ ካርቦኔቱ ብርቅዬዎቹን እንደ ጓደኛ እጃቸውን ይዞ ከዝገቱ ያድናቸዋል። ከሁሉ አጥብቆ የሚይዘውም ከባዶቹን፣ ማለት በተራው መጨረሻ ያሉትን እንደ ኢተርቢየምና ሉቴሽየም ያሉትን ነው። ይህ በካሊፎርንያው ሞኖ ሐይቅ በ1994 በታተመ ምርመራ ተገልጧል። የስምጥ ሸለቋችን የሻላ ሐይቅም የዚሁ ዓይነት ሶዳ ሐይቅ ነው። (በሌላው ጫፍ ዳሎል አለ፤ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ፣ የኮምጣጣነቱ መለኪያ ከዜሮ በታች የሚወርድ ውኃ ያለበት። በአንድ ስምጥ ሸለቆ ሁለቱንም ጫፎች ማግኘት የሚያኮራ ነገር ነው፤ ዳሎልን ለመጎብኘት የሚያበቃ ገንዘብ ግን የተማሪ ማኅበሩ የለውም።)

የነገሩ ጣዕም ያለው ግን በብዛቱ ሳይሆን በመልኩ ነው። ይህ ገጽ ሥዕል ስለማይችል በቃል እንሣለው። በተፈጥሮ የሚገኙትን 14ቱን፣ ከላንታነም እስከ ሉቴሽየም፣ በአንድ መስመር በተራቸው አሰልፍ። በእያንዳንዱ ላይ ብዛቱን የሚያሳይ ነጥብ አኑር። ነጥቦቹን በመስመር ብታገናኛቸው እንደ መጋዝ ጥርስ ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ ተራ ቁጥሩ ሙሉ የሆነው ሁልጊዜ ከጎረቤቱ ጎዶሎ ስለሚበልጥ ነው። ይህ ጥርስ ዓለም ሲፈጠር ጀምሮ ያለ እንጂ የውኃው ጠባይ አይደለም። ስለዚህ ሊቃውንቱ እያንዳንዱን ቁጥር ከሰማይ በወደቀ የጥንት ድንጋይ ውስጥ ላለው ለዚያው ንጥረ ነገር ቁጥር ያካፍሉታል። ያን ጊዜ መጋዙ ይጠፋና ለስላሳ መስመር ይቀራል። እንግዲህ በለስላሳው መስመር ላይ አንድ ነጥብ ብቻውን ወጥቶ ወይም ወድቆ ቢታይ፣ ያ ነጥብ የሚናገረው ነገር አለ ማለት ነው።

ቀድመን «መመሳሰላቸውን ያዙልን» ያልነው ለዚህ ነው። 14ቱ ወንድማማቾች አብረው ይሄዳሉ፤ ሁለቱ ግን አንዳንድ ጊዜ ያፈነግጣሉ። አንዱ ሴሪየም ነው፤ አየር የበዛበት ውኃ ሲያገኝ ጠባዩን ለውጦ ከወንድሞቹ ተለይቶ ይወርዳል። ሁለተኛው ኤውሮፒየም ነው። እርሱ ደግሞ አየር በሌለበት ትኩሳት ውስጥ ካልሲየምን ይመስላልና ፌልድስፓር በሚባለው ማዕድን ውስጥ በካልሲየም ቦታ ይገባል። በስምጥ ሸለቋችን ያለው ሪዮላይት የተባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከመጠንከሩ በፊት ፌልድስፓሩ ከቀላጩ ስለተለየ ኤውሮፒየሙ ጎድሎበታል። ባዛልቱ ግን እንዲህ ያለ ጉድለት እምብዛም የለበትም። ስለዚህ የኤውሮፒየም ነጥቡ የወደቀበት ውኃ በሪዮላይት ውስጥ ያለፈ ነው ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት አለ። በተቃራኒው በ1979 በፓስፊክ ውቅያኖስ ወለል ላይ ከተገኙት፣ 350 ዲግሪ ከሚደርሰው ጥቁር ጢስ መሳይ ፍል ውኃ ከሚተፉት ጉድጓዶች በተቀዳው ውኃ ውስጥ የኤውሮፒየሙ ነጥብ ከወንድሞቹ በላይ ጎልቶ ተገኝቷል፤ ፌልድስፓሩ በዚያ ትኩሳት ሲፈርስ የያዘውን ለውኃው ስላስረከበ ነው።

በታሪክ ክፍል የምስክርን ቃል ስንመረምር መምህራችን «ምስክሩ የት ነበር? ምን አየ? ማን ነገረው?» እያሉ ያስጨንቁናል። የጂኦኬሚስትሪው ሰው ውኃውን የሚጠይቀውም ከዚህ የተለየ አይደለም። ለዚህ ነው ጉዳዩ የእናንተ አይደለም ያሉንን ወንድሞቻችንን ያልሰማናቸው።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ከእነዚሁ ወንድሞች አንዱ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን በዚህ ጉዳይ የሚሠራው፣ ወደ ሻላ ሲሄድ ጠርሙስ የሚሸከም ሰው ፈለገና ሦስታችንን ይዞን ሄደ። ፍል ውኃው ከሐይቁ ዳር እየፈላ ይወጣል፤ ሽታው ከሩቅ ይቀበላል። የሥራው ጥንቃቄ ከቅዳሴ አያንስም። ውኃው በመርፌ መሳይ መግፊያ ተስቦ ቀዳዳው ከአንድ ሚሊሜትር ሁለት ሺህኛ በማይበልጥ ማጥለያ ውስጥ ያልፋል፤ ለዓይን የማይታይ ጭቃ ቢቀርበት ጭቃው ከውኃው የበለጠ ብርቅዬዎችን ስለሚይዝ ቃሉን ያጠፋዋልና። ከዚያ ጥቂት የናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ ይህም በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ እንዳይለጠፉ ነው። ለእያንዳንዱ ምንጭ ሁለት ጠርሙስ ይሞላል፤ አሲድ ያለው ለብርቅዬዎቹ፣ አሲድ የሌለው ለሌላው ነገር። የመጀመሪያው ጠርሙስ የሚነበብበት መኪና ውኃውን ከፀሐይ ገጽ በሚበልጥ ትኩሳት ውስጥ አልፎ አቶም በአቶም የሚመዝን ሲሆን፣ ተራ ለማግኘት ወራት መጠበቅ ያስፈልጋል።

በዚያ ሥራ ላይ ሳለን አንዲት እናት በቆሎ በጨርቅ ቋጥረው ሊቀቅሉ መጡና ቆመው አዩን። ኦሮምኛ የሚችለው ጓደኛችን «አዴ» ብሎ በአክብሮት ሰላምታ ሰጣቸው፤ ከዚያ በኋላ ያስተረጎመልን እርሱ ነው።

«ምን አገኛችሁበት? ወርቅ አለውን?»

«ወርቅ አይደለም አዴ። በጣም ጥቂት የሆነ ሌላ ነገር ነው። ውኃው በምን ዓይነት ድንጋይ ውስጥ እንዳለፈ የሚናገር ነው።»

አዴ ጥቂት ዝም አሉ። በቆሏቸውን ወደ ውኃው አወረዱና «ውኃው የሚናገር ከሆነስ የእኛን ጉድጓድ ጠይቁልኝ፤ የልጅ ልጆቼ ጥርስ ሲወጣ ጀምሮ ለምን እንደሚበልዝ ይንገረኝ» አሉ።

ከዚህ ጥያቄ በኋላ የሻይ ቤቱ ክርክር ለእኛ ሌላ መልክ ያዘ። ሁለቱንም ጥያቄ በሒሳብ እንመልከተው።

በመጀመሪያ የወርቁን። እንበልና አንድ ሊትር ፍል ውኃ 100 ናኖግራም ኒዮዲሚየም ይዟል። ናኖግራም የአንድ ግራም ቢሊዮንኛ ነው። አንድ ኪሎ ለመሙላት 10 ቢሊዮን ሊትር ያስፈልጋል። ምንጩ በሰኮንድ 10 ሊትር የሚሰጥ ብርቱ ምንጭ ቢሆን፣ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ 32 ዓመት ያህል ይፈሳል ማለት ነው፤ ያውም አንዲት ጠብታ ሳትባክን ሁሉም ተለይቶ ቢወጣ። ዛሬ ሥራውን የጀመረ ሰው ኪሎውን ሳያይ ጡረታ ይወጣል። ፍል ውኃችንን የማዕድን ጉድጓድ አድርገው ለሚያስቡ ጓዶቻችን መልሳችን ይህ ነው። የውኃው ሀብት ካለ በትኩሳቱ ነው። በአሉቶ ላንጋኖ በ1980ዎቹ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ከ300 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ማግኘታቸውና በ1990ዎቹ መጨረሻ 7 ሜጋዋት ገደማ የሚያመነጭ የሙከራ ጣቢያ እዚያ መቆሙ የታወቀ ነው። ለገንዘብ የሚቸኩል ሰው ትኩሳቱን ይጠይቅ፤ ኒዮዲሚየሙን ለቀቅ ያድርገው።

ቀጥሎ የአዴን። ጥርስን የሚያበልዘው ፍሎራይድ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የወሰነው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ይህ ወሰን ብቻውን ከላይ ካሰብነው የኒዮዲሚየም መጠን 15,000 ጊዜ ይበልጣል። በስምጥ ሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ደግሞ ከወሰኑ በላይ መሆኑ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ከመጠን ሲያልፍም ነገሩ በጥርስ አይቆምም፤ አጥንት ያደነድናል፤ ወገብና ጉልበት ያስራል። ለቁርጥማት መድኀኒት እየተባለ በሚሞገስበት አገር ውኃው ራሱ ለወገብ ሕመም ምክንያት መሆኑ የሚያሳዝን ነው።

ፍሎራይዱ የሚመጣውም ከዚያው ከሪዮላይቱና ከእሳተ ገሞራው መስታወት ነው። ውኃው ካልሲየም ቢኖረው ኖሮ ሁለቱ ተጣምረው ፍሎራይት የሚባል ድንጋይ ሆነው ይወርዱ ነበር። የስምጥ ሸለቆው ውኃ ግን ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰበት ነው፤ ስለዚህ ፍሎራይዱ የሚይዘው አጥቶ በውኃው ውስጥ ይቀራል። እንግዲህ የኤውሮፒየም ነጥብ «በሪዮላይት አልፌአለሁ» ብሎ ሲናገር፣ አዴ የጠየቁትንም ጥያቄ በከፊል እየመለሰ ነው። ጓደኛችን የሚደክምበት ጥናት ከንቱ ነው የሚለንን ሰው በዚህ እንቃወመዋለን። ነገር ግን ከዚያም ከዚህም ወገን ሆነን ስናየው፣ የናኖግራሙን ቃል ለመስማት ወራት ተራ የሚጠበቅበት ጠርሙስ ተሞልቶ፣ የሚሊግራሙ ጠርሙስ ሳይሞላ ቢመለስ ኖሮ፣ ምን ዓይነት ትምህርት ነው ያሰኝ ነበር። የምርምር ገንዘብ የሚያድሉ ሰዎችም፣ ርእስ የሚመርጡ የነገ መምህራንም ከእኛው መካከል የሚወጡ ናቸውና ይህ የሁላችንም ጥያቄ ነው።

ደግነቱ ጓደኛችን ሰው ነው፤ ሳይለመን ትርፍ ጠርሙስ አውጥቶ የጉድጓዱን ውኃ ቀዳ። ፍሎራይድ ለመለካት ያን ታላቅ መኪና መጠበቅ አያስፈልግም፤ በጠረጴዛ ላይ በሚቆም ትንሽ መለኪያ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። በተመለስን በሳምንቱ ተለካ፤ ከወሰኑ በላይ ነው። የብርቅዬዎቹ ጠርሙሶች ይህን ስንጽፍ ገና በማቀዝቀዣ ውስጥ ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ውጤቱን ኦሮምኛ የሚችለው ጓደኛችን በአዴ ልጅ ስልክ ነገራቸው። አዴ አልደነገጡም፤ እንደጠረጠሩት ነው። ወዲያው የጠየቁት ግን እኛ ያላሰብነውን ነበር፤ «ይኼ መጥፎ ነው አላችሁ፤ እሺ፣ ታዲያ የቱን እንጠጣ?» አሉ።

መልስ የለም ማለት አይደለም። ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ማጠራቀም አንድ ነው፤ የጣራ ውኃ ከድንጋዩ ጋራ ስላልተዋወቀ ፍሎራይድ የለውም። በሕንድ አገር ከናልጎንዳ ከተማ ስሙን ያገኘ ዘዴ ደግሞ አለ፤ ዓሉምና ኖራ በውኃው ላይ ጨምሮ አማስሎ ማጥለል ነው፤ ፍሎራይዱ ከዝቃጩ ጋራ ይወርዳል። በተቃጠለ አጥንት ከሰል ማጥለልም ሌላ መንገድ ነው። ጓደኛችን ሦስቱንም አስረዳቸው። አዴ ያላቸው ጣሪያ ሣር መሆኑን፣ የአጥንቱን ነገር ደግሞ መንደሩ እንደማይቀበለው ነገሩትና ዓሉሙ ለአንድ ቤት በወር ምን ያህል እንደሚያስፈልግና ስንት ብር እንደሚያወጣ ጠየቁት። ያን ዋጋ የሚያውቅ ከመካከላችን አልነበረም። ሁለታችን ከነገ ወዲያ መርካቶ ወርደን ጠይቀን እንደውልላቸዋለን።